ሠላሳ እርምጃ፦ የቀስት አደን ከባኮ እስከ ኮሎራዶ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ነቀምት የሚያቀናው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባኮን ያገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር አካባቢ የምትገኘው ከተማ ሙቀትም ዝናብም ያልነፈጋት የበቆሎ አገር ናት። ቢኤች 660 የተባለውን ዘር የዘራ ገበሬ የትም ይሁን የት ከባኮ ጋር ዝምድና አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ይህ ድቅል በቆሎ ስሙን ያገኘው ከባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

በቆሎው እሸት ሲይዝ ታዲያ ዓይኑን የሚጥልበት ገበሬው ብቻ አይደለም። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ማለዳና ወደ ማታ ከርከሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ተራ ገብተው ይጠብቁታል። ስለዚህ በማሳው መካከል ማማ ይቆማል። ልጆች ወንጭፍ ያዞራሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ቆርቆሮ ይደበድባሉ፤ ሲመሽ እሳት ይነድዳል፣ ውሻ ይለቀቃል። የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ አንድ ነው፦ እንስሳውን ማራቅ።

ቀስት ይዞ የሚወጣ አዳኝ ሐሳቡ የዚህ ተቃራኒ ነው። እንስሳው ሳያየው፣ ሳይሰማውና ሳያሸተው መቅረብ አለበት፤ ያውም እስከ ሠላሳ እርምጃ ድረስ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ማዶ ሸንተረር ላይ ሆኖ ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር አነጣጥሮ ሊጥል ይችላል። ጀማሪ ቀስተኛ ግን እንስሳው ከሠላሳ ሜትር በላይ ከሆነ ፍላጻውን ባይለቅ ይሻለዋል። የቀስት አደን ክብደቱ አውታሩን መሳቡ ላይ ሳይሆን መቅረቡ ላይ ነው።

ይህን የመቅረብ ጥበብ ከጥንት የሚያውቁት፣ ዛሬም የሚኖሩበት ሰዎች ከባኮ ብዙ አይርቁም። በአገራችን የአደን ታሪክ ውስጥ ግን ክብሩ ሁልጊዜ የጦርና የጠመንጃ ሆኖ፣ ቀስተኛው ከጥግ ቀርቷል።

ከአውታሩ ድምፅ በኋላ

ጥይትም ፍላጻም ይገድላሉ፤ አገዳደላቸው ግን ለየቅል ነው። ጥይት በፍጥነቷ ብርታት አጥንትና ሥጋ ትሰባብራለች። ፍላጻ የሚገድለው ቆርጦ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ስለት ሳንባን፣ ልብን ወይም ትልቅ የደም ሥርን ሲበጥስ እንስሳው ደሙን አፍስሶ ይወድቃል። ስለዚህ ቀስተኛ ጭንቅላት ላይ አያነጣጥርም። የሚፈልጋት ቦታ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከደረቱ ሥር ሲሶ ያህል ከፍ ብላ ያለችው ናት። እርሷን ለማግኘት እንስሳው ጎኑን መስጠት አለበት። ፊቱን አዙሮ በቀጥታ የሚያይ እንስሳ ላይ ፍላጻ አይለቀቅም፤ የደረት አጥንቱ ይመክትበታል።

ርቀቱ ለምን እንዲህ አጠረ ለሚል ሰው መልሱ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዘመናዊ ቀስት የወጣ ፍላጻ በሰከንድ 85 ሜትር፣ ከእንጨት ቀስት የወጣው ደግሞ 50 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። እንስሳው ሠላሳ ሜትር ላይ ከሆነ የአውታሩ ድምፅ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ዘመናዊው ፍላጻ እዚያ ለመድረስ የሰከንድ ሲሶ፣ የእንጨቱ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የደነገጠ እንስሳ ለመፈትለክ መጀመሪያ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ዝቅ ይላል፤ ልቡ ላይ ያነጣጠረው ፍላጻም ከጀርባው በላይ ያልፋል። በስልሳ ሜትር ላይ ጊዜው እጥፍ ነው።

ጆሮ ቢታለል እንኳ አፍንጫ አይታለልም። ነፋስ ከአዳኙ ወደ እንስሳው የሚነፍስ ከሆነ ቀኑ ከስሯል ማለት ይቻላል። ተራራማ አገር ላይ ደግሞ ነፋሱ የራሱ ሰዓት አለው። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ማለዳ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው መልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ከጌዶ ደጋ ወደ ጊቤ ተፋሰስ የሚወርደውን የማለዳ ቅዝቃዜ የሚያውቅ የምዕራብ ሸዋ ሰው ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም። ማለዳ ከታች ወደ ላይ፣ ረፋድ ካለፈ ከላይ ወደ ታች መቅረብ ነው፤ በመካከል፣ ነፋሱ በሚያመነታበት ሰዓት፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ።

ጀማሪን የሚያሳስተው ሌላው ነገር ከለቀቀ በኋላ ያለው ጥድፊያ ነው። ፍላጻው ሲያርፍ ያየ ሰው ሮጦ መከተል ያምረዋል። ልምድ ያለው አዳኝ ግን ባለበት ይቀመጣል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። የተመታ እንስሳ የሚያሳድደው ካላየ ብዙ ሳይርቅ ይተኛል፤ ካየ ግን የመጨረሻ ጉልበቱን ይዞ ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል። ከዚያ ደሙ ይነበባል። ደማቅ ቀይና አረፋ ያለው ደም ሳንባ ተመቷል ማለት ነው፤ ፍለጋው ረጅም አይሆንም። ጠቆር ያለ ደም የጉበት ነው። ሣር የተቀላቀለበትና የሚሸት ከሆነ ፍላጻው ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብቷል፤ እንዲህ ሲሆን ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ግድ ነው። ደሙ ሲጠፋ አዳኙ የመጨረሻዋን ጠብታ በቅጠል ወይም በድንጋይ ምልክት አድርጎ፣ ከእርሷ ሳይርቅ ዙሪያውን ይፈልጋል።

የሺንፋ ወንዝ አዳኞች

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የመጣ አንድ ጥናት አወጣ። ቦታው መተማ አካባቢ፣ በሱዳን በኩል አድርጎ ዓባይን የሚቀላቀለው የሺንፋ ወንዝ ዳርቻ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የመሩት ቡድን እዚያ የቆፈረው ከ74,000 ዓመት በፊት ሰዎች የኖሩበትን ሰፈር ነው። ዘመኑን ለማወቅ የረዳቸው በዓይን የማይታይ የእሳተ ገሞራ ብናኝ ሲሆን ብናኙ የመጣው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ከፈነዳው ከቶባ ተራራ ነው።

ከብናኙ ጋር የተገኙት ትናንሽ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ናቸው። መጠናቸውና ቅርጻቸው ለጦር የማይመች፣ ለፍላጻ ግን የሚስማማ ነው። እንጨቱና አውታሩ እንዲህ ላለ ዘመን ስለማይቆዩ የተገኘው ጫፉ ብቻ ነው፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የፍላጻ ጫፍ ከሆነ ግን እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት የቀስት ማስረጃዎች ሁሉ የቀደመ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሲቡዱ በተባለ ዋሻ የተገኘው 64,000 ዓመት ገደማ ነው። በሰፈሩ የተገኘው አጥንትም የምግባቸውን ዝርዝር ይነግራል፤ የሚዳቋ ዘሮች፣ ጦጣና ዓሣ ይበሉ ነበር። አየሩ ሲደርቅና ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን የዓሣው ድርሻ ይጨምራል። ውኃው ባነሰ ቁጥር እንስሳቱም ዓሣውም በጥቂት ኩሬዎች ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ አድብቶ ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ከሺንፋ በፊትም ቢሆን ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ስሟ ይነሣል። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋዴሞታ በተባለው ቦታ የተገኙ የባልጩት ጫፎችን ያጠናው ኢትዮጵያዊው አርኪዮሎጂስት ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጫፎቹ ከ279,000 ዓመት በፊት እንጨት ላይ ታስረው የተወረወሩ መሆናቸውን በስብራታቸው ምልክት አሳይተዋል። እነዚያ በእጅ የሚወረወሩ ጦሮች ነበሩ። ቀስት የመጣው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ሰው የክንዱን ጉልበት በእንጨት ውስጥ አጠራቅሞ፣ ሰውነቱን ሳያንቀሳቅስ መልቀቅ ከቻለ በኋላ።

ጦር ለደጋው፣ ቀስት ለቆላው

በምዕራብ ሸዋ ያደገ ሰው የአያቶቹን አደን ሲያስብ ቀስት አይመጣለትም። ከባኮ ወደ ጌዶ ሲሄዱ በኢሉ ገላን ወረዳ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ነበር፤ የሜጫን ሕግ የደነገገው መኮ ቢሊ ስሙ ከዚሁ ኦዳ ጋር ይነሣል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ጎሽ፣ ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ ሰው ጀብዱው እንደ ጦር ሜዳ ጀብዱ ተቆጥሮለት በገራርሳ ይወደስ ነበር። በአማራውም ዘንድ ግዳይ የጣለ ሰው ይፎክራል፣ ቀረርቶ ይወርድለታል፣ የአንበሳ ጎፈር ይደፋል። መሣሪያው ፈረስና ጦር፣ ኋላም ጠመንጃ ነው። ክብሩ ያለው እንስሳው እያየ ፊት ለፊት መግጠሙ ላይ ነው። አድፍጦ፣ ከቁጥቋጦ ተጣብቆ፣ በደረት ተስቦ መቅረብ የጀግና ወግ ተደርጎ አልተቆጠረም።

ያን ጥበብ የያዙት ሌሎች ናቸው። በኦሮሞ መካከል ተበታትነው በአደን ይኖሩ የነበሩት ዋታዎች፣ በጣና ዙሪያ ጉማሬ ያድኑ የነበሩት ወይጦዎች፣ በካፋ ጫካ ያሉት ማንጆዎች በጎረቤቶቻቸው ዘንድ በሚበሉት ሥጋ የተነሣ የተናቁ፣ ከማዕድ የተገለሉ ነበሩ። ከነቀምት አልፎ ወደ ዴዴሳ ቆላ፣ ከዚያም ወደ ከማሺና መተከል የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ደግሞ ለረጅም ዘመን የባሪያ ፈንጋዮች ዒላማ ሆኖ ኖሯል። ጉሙዞች በመተማና በቋራ በኩልም አሉ፤ ያ የሺንፋ ሰፈር በተገኘበት አካባቢ ማለት ነው።

ለጉሙዝ ወንድ ቀስት የዕለት ዕቃ ነው። ወደ እርሻም ወደ ገበያም ሲሄድ ከትከሻው አይለይም። በበጋ ረጅሙ ሣር ከተቃጠለ በኋላ ወንዶች ውሻ አስከትለው በቡድን ይወጣሉ፤ ከርከሮ፣ ሚዳቋ፣ ጃርት፣ ጅግራ ይታደናል። ልጆች በትንሽ ቀስት ወፍና አይጥ እያደኑ ያድጋሉ። ስለዚህ «የመጀመሪያ አደን» ብሎ ነገር ለእነርሱ የአንድ ቀን ገጠመኝ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያድግ ነገር ነው። ይህ ቀስት በቅርብ ዓመታት በከማሺና በመተከል በተነሣው ግጭት በዜና የተሰማው ከሰው ሞት ጋር ተያይዞ መሆኑ ያሳዝናል፤ የአደን ዕውቀቱን ሊጽፍ የሚሄድ ሰውም በዚያው ቀርቷል።

መረንዝ

ፍላጻው ትንሽ፣ እንስሳው ትልቅ ሲሆን ቀስተኛ የሚረዳው መርዝ ነው። በኢትዮጵያ ወይና ደጋ ከሚበቅሉ ዛፎች አንዱ በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ይባላል። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ነጭና መልካም ሽታ ያለው ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የገባው ሺምፐር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በትግራይ ለረጅም ጊዜ የኖረ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ነበር።

የመረንዝ እንጨት፣ ሥርና ቅርፊት ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ጥቁር ቅጥራን ይሆናል። በውስጡ ያለው ኡዋባይን የተባለ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ሲገባ የልብን ምት አዛብቶ ያቆማል። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ እ.ኤ.አ. በ1888 ከዚሁ ዘር ዛፍ ለይቶ ካወጣው በኋላ፣ በትንሽ መጠን እየተሰጠ የልብ ሕመም መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል። በአፍ ሲገባ ግን በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ብቻ ነው። በመርዝ ፍላጻ የወደቀ እንስሳ ቁስሉ አካባቢ ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ ሥጋው የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ መርዝ ዝናን ያተረፉት በኬንያ ምሥራቅ የሚኖሩት፣ ቋንቋቸው ከኦሮምኛ የሚመደበው ዋታዎች ናቸው። ቀስታቸው ረጅምና ለመሳብ እጅግ ከባድ ነበር፤ ዝሆን ሥር ተጠግተው ሆዱ ላይ ይለቁበታል። ያድኑበት የነበረው ምድር እ.ኤ.አ. በ1948 ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከአዳኝነት ወደ ሕገ ወጥነት ተለወጡ፤ በ1950ዎቹ በተካሄደው ዘመቻ ብዙዎቹ ታሰሩ።

ጫካው ሲሳሳ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናርያና ከጊቤ አገሮች የሚመጣ የዝሆን ጥርስ ጉድሩን አቋርጦ በጎጃም ባሶ ገበያ ይሸጥ ነበር። ጠመንጃ በብዛት ከገባ በኋላ ዝሆኑም ጎሹም ከዚህ አገር ጠፉ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 የአደን ደንብ አወጡ፤ በ1944 ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ታወጀ። በ1963 ጁሊያን ሃክስሊ የመሩት የዩኔስኮ ልዑክ አገሩን ጎብኝቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ። ከዚያ ወዲህ አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 ወጥተዋል፤ የእነዚህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሕጉ መሣሪያ አይለይም፤ ያለ ፈቃድ በጠመንጃም፣ በወጥመድም፣ በቀስትም ማደን ወንጀል ነው።

በምዕራብ ሸዋ የቀረው የዱር እንስሳ በአብዛኛው የተጠለለው በጊንጪ አጠገብ ባለው የጭሊሞ ደንና ከአምቦ ደቡብ ምዕራብ ባለው የጅባት ደን ነው። በሁለቱም ጉሬዛ አለ፣ የምኒልክ ድኩላም አለ። ይህ ድኩላ እ.ኤ.አ. በ1902 በንጉሡ ስም የተሰየመ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጠጕረ ረጅም እንስሳ ነው። ቀስተኛ ቢፈትንበት የሚመኘው ዓይነት ነው፤ ብቻውን ይሄዳል፣ ከጥሻ ጫፍ አይርቅም፣ አንድ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ እንደ ውሻ ጮኾ ይጠፋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ግን ጭሊሞ ገብቶ ሊቀርበው የሚችለው ካሜራ ወይም አጉሊ መነጽር ይዞ ነው። ደኑን የሚጠብቁት በዙሪያው ያሉ ነዋሪዎች የተደራጁባቸው ማኅበራት ናቸው፤ ጭሊሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሳታፊ የደን አስተዳደር ቀድሞ ከተሞከረባቸው የአገሪቱ ቦታዎች አንዱ ነው።

በሕጋዊ ፈቃድ አደን የሚካሄደው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች ነው። እንደ ሙኔሳ ኩኬ፣ ሀንቶና አባ ሸባ ደመሮ ያሉት በአርሲና በባሌ ይገኛሉ። ብዙዎቹ የውጭ አገር አዳኞች የሚመጡት ለደጋ አጋዘን ነው። ይህን እንስሳ የውጭው ዓለም ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በአርሲ ገድሎ ወደ ለንደን ከወሰደ በኋላ፣ በ1910 ሪቻርድ ላይደከር ለሳይንስ ዓለም አዲስ ዝርያ መሆኑን አስመዘገበ። ዛሬም የሚገኘው ከስምጥ ሸለቆ ምሥራቅ ባለው የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ስለሆነ ፈቃድ የሚሰጠው በጥቂት ቁጥር፣ ለወንዱ ብቻ፣ አዳኙም ፈቃድ ያለው ባለሙያ አብሮት እንዲሄድ በማድረግ ነው።

ኢሺ ያስተማረው ሐኪም

ዛሬ በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በቀስት ያድናሉ። ጥበቡ ወደ እነርሱ የመጣበት መንገድ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1911 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል በተባለች ከተማ፣ በአንድ ቄራ አጥር ግቢ ውስጥ በረሃብ የደከመ ሰው ተገኘ። ያሂ የተባለው ወገኑ በሰፋሪዎች ተጨፍጭፎ አልቆ እርሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ኢሺ የሚል ስም ሰጥተው ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ ሙዚየም አኖሩት። እዚያ ሳለ ሳክስተን ፖፕ ከተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተዋወቀ። ሐኪሙ በሽተኛውን ሊያይ መጥቶ የበሽተኛው ተማሪ ሆነ።

ኢሺ ከጥድ ዘር እንጨት ቀስት መጥረብን፣ ጅማት በጀርባው መለጠፍን፣ ከጠርሙስ ስባሪ የፍላጻ ጫፍ መስበርን አሳየው። ለአደን ከመውጣቱ በፊት ገላውን ይታጠባል፣ ትምባሆ አያጨስም፣ ዓሣ አይበላም፤ ሽታ እንዳይከዳው ነው። ከንፈሩን ከጣቱ ላይ አድርጎ እንደ ተያዘ ጥንቸል እየጮኸ እንስሳ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1914 ሁለቱ ከሌሎች ምሁራን ጋር ወደ ኢሺ የትውልድ ሸለቆ ሄደው አብረው አደኑ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ የተማረውን በ1923 በመጽሐፍ አወጣው፤ የአሜሪካ የቀስት አደንም ከዚያ መጽሐፍ ተነሥቶ ተስፋፋ።

በዚያ ሸለቆ ያለው ዋላ ከበቅሎ ጆሮ ዋላ ወይም ሚዩል ዲር ወገን ነው። ዋላ የሚባለው ዘር በእኛ አገር የለም፤ በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ድንበር ደኖች ብቻ ነው። የእኛ አጋዘን፣ ድኩላና ሚዳቋ ቀንዳቸው ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል፤ የዋላ ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ እንደ አዲስ ይበቅላል። ሚዩል ዲር ስሙን ያገኘው ከሰፊው ጆሮው ነው። ሲሸሽ አራት እግሩን በአንድ ጊዜ ከመሬት አንሥቶ ይነጥራል፤ ብዙ ጊዜም ትንሽ ሄዶ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ያያል።

ከኮሎራዶ ዕጣ በኋላ

የሮኪ ተራሮች ግርጌ ያሉት ዴንቨርና አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ሲሆኑ፣ የሚዩል ዲር አገርም ናቸው። እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስት ማደን ቢያምረው መንገዱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአደን ትምህርት ወስዶ ማለፍ አለበት። የዋላ ፈቃድ በዕጣ ስለሚታደል በጸደይ ያመለክታል። ቀስቱ ለመሳብ ቢያንስ 35 ፓውንድ፣ 16 ኪሎ ገደማ፣ የሚከብድ፤ የፍላጻው ስለት ደግሞ ቢያንስ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መሆን አለበት። ወቅቱ መስከረም ነው፤ የእንቁጣጣሽ ሰሞን።

ጀማሪዎች የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሆሌስ አለን እ.ኤ.አ. በ1969 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ባለ መዘውር ቀስት ነው። ጫፎቹ ላይ ያሉት መዘውሮች አውታሩ ተስቦ ሲያልቅ ክብደቱን ስለሚቀንሱ፣ አዳኙ እጁ ሳይንቀጠቀጥ እንስሳው ጎኑን እስኪሰጥ ይጠብቃል። መቅረቡን ግን መዘውር አይሠራለትም። ማለዳ ከፍታ ላይ ተቀምጦ በአጉሊ መነጽር ሸለቆውን ይቃኛል፤ ዋላው በልቶ ጠግቦ ጥላ ሥር እስኪተኛ ይታገሣል፤ ከዚያ ነፋሱን ለክቶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ዞሮ ይጠጋል። የመጨረሻዎቹን ሃምሳና ስልሳ ሜትሮች ብዙዎች ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይሄዷቸዋል። ጠጠር የበዛበት ቁልቁለት ላይ ይህች መንገድ አንድ ሰዓት ልትፈጅ ትችላለች፤ በመካከልም ዋላው ተነሥቶ ከሄደ ሁሉም እንደገና ይጀመራል።

ከጣለ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ደግሞ ለኢትዮጵያዊ የተለዩ ናቸው። አንደኛው የጥሬ ሥጋ ነገር ነው። ዋላን ቀስ በቀስ የሚያከሳ፣ መድኃኒት የሌለው የአንጎል በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚያው በኮሎራዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በተያዙ ሚዩል ዲሮች ላይ ነው። ወደ ሰው መተላለፉ ባይረጋገጥም፣ በሽታው ያለበት እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ስለዚህ የእንስሳው ናሙና ለምርመራ ተሰጥቶ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው በማቀዝቀዣ ይቆያል። ከዱር እንስሳ የሚተላለፉ ጥገኛ ትሎችም ስላሉ፣ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ክትፎው ሌብሌብ ሳይሆን በደንብ የበሰለ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ የእርድ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት እንስሳት ተቆጥረዋል፤ እንስሳው ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ ስለዚህ ያገራችን ክርስቲያን አዳኝ የጣለው እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ «በስመ አብ» ብሎ ይባርከዋል። በእስልምና ፍላጻውን ሲለቅ የአላህን ስም የጠራ ሰው፣ ስለቱ ወግቶ የገደለውን ሊበላ ይችላል፤ በሕይወት ከደረሰበት ግን ማረድ አለበት። የቀስት አደን ደንብ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት አትከተል፣ እንስሳው ተኝቶ ይለቅለት ይላል። በጉሙዝ አገር ውሻ ስላለ ችግሩ ይቀልላል፤ በኮሎራዶ ዋላን በውሻ ማደን አይፈቀድም። ኦርቶዶክሳዊው ጀማሪ ይህን ከንስሐ አባቱ ጋር መጨረስ ያለበት ፈቃዱን ለዕጣ ከማስገባቱ በፊት ነው፤ የኮሎራዶ ሕግ የገደሉትን ሥጋ ሳይበሉ ጥሎ መሄድን ያስቀጣልና።